የሞተር መብራት ሲበራ፦ ዕቃ ከመግዛት በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ቼክ ኢንጂን በርቶበት ጋራዥ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው የዕቃ ስም ነው። «ሴንሰሩ ሞቷል»፣ «ቦቢና ቀይር»፣ «ፓምፑ ደክሟል»። ከዚያ ሱቅ ለሱቅ መዞር ነው። ጅማ ላይ ከጠፋ አዲስ አበባ ይደወላል። ዕቃው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ይመጣል፣ ይገጠማል። በማግስቱ መብራቱ ተመልሶ ይበራል። አንዴ የተገጠመ ሴንሰር ይዛችሁ ብትመለሱ ደግሞ የሚቀበላችሁ ሱቅ ማግኘት ዘበት ነው።

እንዲህ ሆኖ የሚባክን ገንዘብ ሳይ ያንገበግበኛል። አብዛኛውን ቀድሞ በመፈተሽ ማትረፍ ይቻል ነበር። መሣሪያውም ብዙ አይደለም፦ ስልክ፣ ትንሽ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ)፣ መልቲሜትር፣ ካቻቪቴ፣ የእጅ ባትሪ።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ልብ በሉ። የሞተሩ ኮምፒውተር የተበላሸውን ዕቃ አያየውም። የሚያየው ከሴንሰሮች በሽቦ የሚመጣለትን ምልክት ነው። ያ ምልክት ከጠበቀው ውጭ ሲሆንበት ኮድ ይመዘግባል። በዚያው መስመር ላይ ግን ሴንሰር ብቻ ሳይሆን ሽቦ፣ ሶኬት፣ ባልቦላ (ፊውዝ)፣ የጎማ ቱቦም አለ። ኮዱ ሰፈሩን ይነግራችኋል እንጂ ቤቱን አይነግራችሁም።

መጀመሪያ መብራቱን ራሱን እዩት

ቢጫው መብራት ሳይርገበገብ ከበራ፣ መኪናውም ጉልበቱና ድምፁ ካልተለወጠ፣ ረጋ ብላችሁ ቤታችሁ ወይም ጋራዥ መድረስ ትችላላችሁ። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ሌላ ነው። አንዱ ሲሊንደር ነዳጁን በትክክል እያቃጠለ አይደለም ማለት ነው። ያልተቃጠለው ነዳጅ ወደ ጭስ ማውጫው ይሄድና ካታሊስቱን (የጭስ ማጣሪያውን) ያግለዋል፣ ያቀልጠዋል። እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንሱና ጥጋችሁን ይዛችሁ ቁሙ።

መቼ እንደሚርገበገብም አስተውሉ። ሜዳ ላይ ሰላም ሆኖ ወደ ጅሬን ዳገት ስትወጡ ብቻ ከሆነ፣ ሞተሩ ሸክም ሲበዛበት እየቆራረጠ ነው። ይህችን ለመካኒኩ መንገር ብቻዋን ብዙ ድካም ትቀንሳለች።

ቀይ የዘይት ወይም የሙቀት መብራት ከዚህ መመሪያ ውጭ ነው። እሱ ከበራ እዚያው ሞተር ማጥፋት ነው።

ሌላም አለ። ሞተር ሳታስነሱ ቁልፉን ስታዞሩ የቼክ ኢንጂን መብራቱ ሊበራ ይገባል። ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋል። ቁልፍ ስታዞሩ ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይም አንድ ሰው ሆን ብሎ አውጥቶታል። ያገለገለ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ መጀመሪያ የምታዩት ይህን ይሁን።

ባትሪ ፈትቶ ማጥፋት

«ባትሪውን ፈታ አድርገህ መልሰው፣ ይጠፋል» የሚል ምክር በየሰፈሩ አለ። እውነት ነው፣ በብዙ መኪና ላይ ይጠፋል። አብሮት ግን ኮዱ ይጠፋል፣ ኮዱ ሲመዘገብ የነበረው የሞተሩ ሁኔታም ይጠፋል። ያላችሁ ማስረጃ ያ ብቻ ነው። ኮዱ ተነቦ ሳይጻፍ ባትሪ የሚፈታ ሰው ካያችሁ ከልክሉት።

ኮዱን ማንበብ

ስካነር የሚሰካበት 16 ቀዳዳ ያለው ሶኬት ብዙ ጊዜ ከመሪው በታች፣ ከጉልበታችሁ በላይ ነው። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ከሆነ በተሳፋሪው በኩልም ፈልጉ። ኢኤልኤም 327 የሚባለው ትንሽ የብሉቱዝ ስካነር እዚያ ላይ ይሰካል፣ ስልክ ላይ በሚጫን አፕ ይነበባል። ቁልፉ መዞር አለበት፣ ሞተሩ ባይነሳም ግድ የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። ሁሉም መኪና ከዚህ ስካነር ጋር አይግባባም። በፈረንጅ አቆጣጠር አሜሪካ ከ1996፣ አውሮፓ ደግሞ ለቤንዚን መኪና ከ2001 ጀምሮ አንድ ወጥ አሠራር አስገድደዋል። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ የቆዩ መኪኖች ግን፣ ብዙ የምናያቸው ቪትዞች ጭምር፣ ሶኬታቸው ያው ሆኖ በራሳቸው ቋንቋ የሚናገሩ አሉ። ስካነራችሁ «አልተገናኘም» ቢላችሁ ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል ማለት አይደለም። ሌላ መኪና ላይ ሞክሩት። እዚያ ከሠራ የእናንተው የሚፈልገው የአምራቹን ቋንቋ የሚያውቅ ትልቅ ስካነር ነው።

ለቆዩ ቶዮታዎች ያለ ስካነርም መንገድ አለ። ሶኬቱን ሰፊው ጎን ወደ ላይ እንዲሆን አድርጋችሁ ከፊት ስታዩት፣ የላይኛው ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ ከ1 እስከ 8፣ የታችኛው ከ9 እስከ 16 ነው። ቁልፉ ጠፍቶ ሳለ 4ኛውንና 13ኛውን በቀጭን ሽቦ አገናኙ፣ ከዚያ ቁልፉን አዙሩ። ቼክ ኢንጂን ኮዱን በብልጭታ ይቆጥርላችኋል። አራት ጊዜ በርቶ፣ ትንሽ ቆሞ፣ ሁለት ጊዜ ከበራ ኮዱ 42 ነው። ሳያቋርጥ በእኩል ፍጥነት ከበራና ከጠፋ የተመዘገበ ኮድ የለም። 16ኛው ቀዳዳ ሁልጊዜ የባትሪ ኃይል አለበት፣ ሽቦው እሱን እንዳይነካ። እጃችሁ ካልረጋ ይህን ለኤሌክትሪሻን ተዉት።

የተነበበውን ሁሉ ጻፉት፣ ወይም የስልኩን ገጽ ፎቶ አንሱት። በ«ፒ» የሚጀምር ኮድ የሞተርና የካምቢዮ ነው። አፑ «ፍሪዝ ፍሬም» የሚል ክፍል ካለው እሱንም አስቀምጡ። ኮዱ ሲመዘገብ ሞተሩ ስንት ዙር ላይ እንደነበር፣ ስንት ዲግሪ እንደሞቀ፣ መኪናው በስንት ፍጥነት ይሄድ እንደነበር ይናገራል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሳለ የመጣ ኮድና በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲነዳ የመጣ ኮድ፣ ቁጥራቸው አንድ ቢሆንም የሚፈተሹት ለየቅል ነው።

አምስት ስድስት ኮድ በአንዴ ከመጣ አትደንግጡ። አምስት ሴንሰር በአንድ ቀን አይሞትም። የጋራቸው የሆነውን ባልቦላ፣ የጋራቸውን የመሬት ሽቦ (ከቦዲው ጋር የሚታሰረውን)፣ ባትሪውን ፈልጉ።

መልቲሜትሩ ባትሪው ላይ፣ ዓይናችሁ ሞተሩ ላይ

ሞተር ሳይነሳ ጤነኛና የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተር ሲነሳ በብዙ መኪና ላይ ከ13.7 እስከ 14.7 ቮልት መድረስ አለበት። ሞተር ስታስነሱ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም ተርሚናሉ ላልቷል። ቮልቴጅ ሲዋዥቅ ኮምፒውተሩ የሌለ ብልሽት ይመዘግባል። ይህ ሳይስተካከል ወደ ሌላ ፍተሻ መሄድ ከንቱ ድካም ነው።

ከዚያ ኮፈኑን ከፍታችሁ በእጅ ባትሪ እዩ። ጅማ ዝናብና እርጥበት አይለያትም። ሶኬቶች ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ይይዛል። ኮዱ የጠቆመውን ሶኬት ንቀሉና ውስጡን እዩ፦ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት፣ ውሃ፣ የታጠፈ ወይም ወደ ኋላ የገባ ፒን። በኤሌክትሪክ ማጽጃ ስፕሬይ አጽድታችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ቀጭ እስኪል መልሱት። መኪናው ሳይነዳ የሚቆም ከሆነ አይጥ የላጠችው ሽቦም ፈልጉ።

መብራቱ የበራው ከላቫጆ በኋላ ነው? ሞተሩ በግፊት ውሃ ከታጠበ የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ይቀራል፣ ሞተሩ ይቆራርጣል። ቦቢናዎቹን (ለካንዴላ ኤሌክትሪክ የሚሰጡትን) አንስታችሁ ጎሚስታ ቤት በኮምፕረሰር አየር ንፉት። ካንዴላውን ከመፍታታችሁ በፊት ይሁን፣ አለዚያ ውሃውም ቆሻሻውም ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ብዙ «የሞተ ቦቢና» በዚህ ተነስቷል።

የነዳጁንም ጠይቁ። ማደያ ጠፍቶ የጀሪካን ቤንዚን ከቀዳችሁ በኋላ የጀመረ ከሆነ፣ ውሃ ወይም ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ሊሆን ስለሚችል ኮዱን ከማመን በፊት ነዳጁን ተጠራጠሩ።

ፒ 0171፦ ብዙ ሰው የሚከስርበት ኮድ

ይህ ኮድ ነዳጁ ከአየሩ አንጻር አነሰ ይላል። ያንን ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ኦክስጅን ሴንሰሩ ስለሆነ ሰው ሮጦ ኦክስጅን ሴንሰር ይገዛል። ሴንሰሩ ግን ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው የተናገረው።

አንድ የአጋሮ ሰው ኮሮላውን ይዞ ወደ እኔ መጣ። ሴንሰሩን ከነካርቶኑ ታቅፎታል።

«ጋሼ፣ ይህችን ብቻ ግጠምልኝ። ኮምፒውተር ተነቦ ሴንሰር ነው ተብያለሁ።»

«ቆይ ወንድሜ፣ ካርቶኑን አትክፈተው። መጀመሪያ አብረን እንየው።»

ስካነሩ ላይ ላይቭ ዳታ (ሴንሰሮቹ በዚያው ሰዓት የሚሰጡትን ንባብ) ከፈትን። የምናየው ፊውል ትሪም የሚባለውን ቁጥር ነው። ኮምፒውተሩ ከተለመደው በላይ ወይም በታች ስንት በመቶ ነዳጅ እንደሚረጭ ያሳያል። ከ10 በታች ሲሆን፣ ሲደመርም ሲቀነስም፣ ብዙ አያሳስብም። የዚህ ሰው መኪና ሚኒሞ ላይ የረጅም ጊዜው ትሪም 24 በመቶ ጨምሮ ነበር። ዙሩን 2500 አድርገን ስንይዘው ወደ 6 ወረደ።

ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ስለሆነ በቀዳዳ የምትሾልከው አየር ድርሻዋ ይገዝፋል። ዙር ሲጨምር ሞተሩ ብዙ አየር ይስባልና ያቺው ቀዳዳ እዚህ ግባ የማትባል ትሆናለች። ስለዚህ የሚገባውን አየር ከሚለካው ከኤርፍሎ ሴንሰሩ በኋላ ሳይለካ የሚገባ አየር አለ ማለት ነው።

ከአየር ፊልትሮ ቤት ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም ጎማ ከላይ አየነው፣ ደህና ነው። በእጅ ይዘን አጠፍ ስናደርገው በታች በኩል፣ እጥፋቱ መሃል፣ የጣት ያህል ስንጥቅ ተከፈተ። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ይከፈታል፣ ሲቆም ይገጥማል። ለዓይን በፍጹም አይታይም ነበር። ጎማው ተቀየረ፣ ትሪሙ ወረደ። ሴንሰሩ ሳይከፈት ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ጎማውን በእጅ ፈትሻችሁ ካላገኛችሁት ቀጫጭኖቹን የቫኪዩም ጎማዎች አንድ በአንድ ተከተሉ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሳለ በሚረጭ ጠርሙስ ትንሽ ውሃ በየመገጣጠሚያው ላይ እፍ አድርጉ። የሞተሩ ድምፅ የተለወጠበት ቦታ ላይ ቀዳዳ አለ። ቤንዚን ወይም ካርቡራተር ማጽጃ የሚረጩ አሉ። በጋለ ሞተር ላይ እሳት ስለሚያስነሳ እኔ አልመክረውም። ውሃውንም ቦቢናና ሶኬት ላይ አታድርሱ።

ትሪሙ በተቃራኒው ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ዙር ሲጨምር የሚብስ ከሆነ ነገሩ የነዳጅ እጥረት ነው። የነዳጅ ፊልትሮ፣ የፓምፑ ግፊት፣ ወይም የቆሸሸ ኤርፍሎ። ግፊቱ በጌጅ ይለካ፤ በብዙ የቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች ከ3 እስከ 3.5 ባር ነው፣ የእናንተን ከማኑዋሉ አመሳክሩ። ሳይለካ ፓምፕ አይቀየርም። ኤርፍሎን ለሱ በተሠራው ስፕሬይ ብቻ አጽዱት፣ ቀጭኗን ሽቦ በጨርቅ አትንኳት።

ሲቆራርጥ፦ ከፒ 0300 እስከ 0304

0301 ማለት አንደኛው ሲሊንደር፣ 0302 ሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። 0300 የትኛው እንደሆነ አልለየሁም ማለት ነው። ሞተራቸው አግድም በተቀመጠ ቶዮታዎች ላይ አንደኛው ሲሊንደር ቀበቶው ባለበት በኩል ያለው ነው።

በየካንዴላው ላይ የየራሱ ቦቢና ካለ ምንም ሳትገዙ ፈትሹ። ኮዱ 0301 ከሆነ የአንደኛውን ቦቢና ወደ ሁለተኛው፣ የሁለተኛውን ወደ አንደኛው አዛውሩ። ኮዱን አጥፉና ንዱ። 0302 ሆኖ ከመጣ ጥፋቱ ከቦቢናው ጋር ሄዷል፣ አሁን ቦቢና ግዙ፣ አንድ ብቻ። 0301 ሆኖ ከቀረ ቦቢናው ንጹህ ነው። ካንዴላውን በዚያው መንገድ አዛውሩ። ስትፈቱት ጫፉን እዩት፦ ዘይት የለበሰ፣ ጥላሸት የያዘ፣ ፖርሴሊኑ የተሰነጠቀ ከሆነ መልሱን በእጃችሁ ይዛችኋል።

ሁለቱም ቢዛወሩ ኮዱ ንቅንቅ ካላለ ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር ይቀራል። ረጅም ካቻቪቴ ጫፉን ኢንጀክተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮ ላይ አድርጋችሁ አዳምጡ። የሚሠራ ኢንጀክተር ቶሎ ቶሎ ቀጭ ቀጭ ይላል። ከሌሎቹ ጋር አስተያዩት። ድምፁም ደህና ከሆነ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩ የመጭመቅ ግፊት) ይለካ። ፀጉርና ልብስ ከቀበቶና ከፋን መራቅ አለበት፣ ይህን ስታደርጉ ሞተሩ እየሠራ ነውና።

የሙቀት ሴንሰር

ፒ 0118 የውሃ ሙቀት፣ ፒ 0113 የአየር ሙቀት ሴንሰር መስመር ላይ ቮልቴጅ በዛ ይላሉ። ጠዋት፣ ሞተሩ አድሮ ሳይነሳ፣ ላይቭ ዳታ ክፈቱ። የውሃውና የአየሩ ሙቀት ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። አንዱ ከዜሮ በታች 40 ካለ መስመሩ የሆነ ቦታ ተቆርጧል። ጅማ እንደዚያ አትበርድም።

ቁልፉን አጥፉ፣ የሴንሰሩን ሶኬት ንቀሉ፣ የሶኬቱን ሁለት ፒኖች በቀጭን ሽቦ አገናኙና ቁልፉን መልሱ። ይህ የሚደረገው ሁለት ሽቦ ብቻ ባለው የሙቀት ሴንሰር ላይ ነው፣ በሌላ አትሞክሩት። ንባቡ ከዜሮ በታች ካለው 40 ተነስቶ ከ100 በላይ ከዘለለ ሽቦውም ኮምፒውተሩም ደህና ናቸው፣ ሴንሰሩ ነው የሞተው። ንባቡ ካልተነቃነቀ አዲስ ሴንሰር ብትገጥሙም ያው ነው። ሽቦውን ተከተሉ።

ፒ 0420

ካታሊስቱ ሥራውን እየሠራ አይደለም ይላል። ውድ ዕቃ ስለሆነ ቀስ በሉ። መጀመሪያ የሚቆራርጥ ሞተር ካለ እሱን አስተካክሉ። ቀጥሎ ማርሚታውንና መገጣጠሚያዎቹን በቀዝቃዛ ሞተር አስነስታችሁ አዳምጡ፤ ከሴንሰሩ በፊት ጭስ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ንባቡን ያዛባል። ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ ከሆነ ካታሊስቱ ውስጡ ተሰብሮ የወጣ መሆኑን አጣሩ። ባዶ ከሆነ የኋላውን ኦክስጅን ሴንሰር አስር ጊዜ ብትቀይሩ ኮዱ ይመለሳል።

ፒ 0135 ደግሞ የፊተኛው ኦክስጅን ሴንሰር ማሞቂያ ነው። ባልቦላውን እዩ፣ ከዚያ የማሞቂያውን ሁለት ፒኖች በኦም ለኩ። ጥቂት ኦም ካሳየ ማሞቂያው አለ። ምንም ካላሳየ ተቆርጧል፣ ያኔ ሴንሰር መግዛት ልክ ነው።

ጅማ ላይ የሚያሳስት ቁጥር

ኢንተርኔት ላይ ሞተር ጠፍቶ ቁልፍ ሲዞር ማፕ ሴንሰር (የአየር ግፊት የሚለካው) 100 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ማሳየት አለበት የሚል ታገኛላችሁ። ያ ባሕር ዳርቻ ላለ ከተማ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። እዚህ ጤነኛ ማፕ ሴንሰር 82 አካባቢ ያሳያል፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ወደ 76 ይወርዳል። 82 አይቶ «ሴንሰሩ ዝቅ ብሏል» የሚላችሁን አትስሙ። 100 ቢያሳይ ነበር የሚያጠራጥረው።

ናፍጣ ከሆነ

የቆዩ ሜካኒካል ኢሱዙዎች የሚነበብ ኮምፒውተር የላቸውም። ኮመን ሬል (በኮምፒውተር የሚታዘዝ ከፍተኛ ግፊት ያለው የናፍጣ መርጫ) ባላቸው ናፍጣዎች ግን ኮድ አለ። ከሁሉ በፊት የናፍጣ ፊልትሮውን ውሃ አፍስሱ። የግፊት ኮድ ከመጣ ኢንጀክተር ከማውረድ በፊት ፊልትሮ ይቀየር። የግፊት መስመሩን ሞተር እየሠራ በምንም ዓይነት አትፍቱ፤ ግፊቱ ቆዳ በስቶ ይገባል።

መካኒክ ጋ ስትሄዱ

ፎቶውን አሳዩትና «ይህን ዕቃ የጠረጠርከው በምን ለክተህ ነው?» ብላችሁ በትህትና ጠይቁ። ጥሩ ባለሙያ ጥያቄው ደስ ይለዋል፣ ቁጥሩን ያሳያችኋል። ለፍተሻው ለብቻው ክፈሉት። የፍተሻ ሒሳብ የማይከፈለው ሰው ከዕቃ ለውጥ ነው የሚኖረው። የተቀየረውንም አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ።

ከጥገና በኋላ ኮዱ ይጥፋና መኪናውን ንዱ። ከተማ ውስጥ ብቻ አይበቃም። ሞተሩ አድሮ ቀዝቅዞ ይነሳ፣ የጅማ መርካቶ አካባቢ ቆም ሂድ ይበል፣ ከዚያ ወደ ሰርቦ ወይም ወደ ሰቃ በእኩል ፍጥነት ደርሳችሁ ተመለሱ። መብራቱ ባይበራም ስካነሩን ሰክታችሁ «ፔንዲንግ» የሚለውን ክፍል እዩ። ብዙ ኮድ መጀመሪያ እዚያ ይቀመጥና ሲደገም ነው መብራቱን የሚያበራው። ያው ኮድ ካለ የመጀመሪያውን ፍሪዝ ፍሬም አውጥታችሁ ከአሁኑ ጋር አስተያዩ። ቀድሞ ያልነበረ አዲስ ኮድ ከመጣ ደግሞ መጀመሪያ በጥገናው ጊዜ የነካችሁትን ሶኬት ፈትሹ፣ ብዙ ጊዜ በደንብ ሳይገባ የቀረ ነው።